ዓፊያችን ለምን ጉዳይ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል የመጀመሪያዋን ጥያቄ ታውቋታላችሁ፤ «አፊያ ናችሁ?» ናት። ከደሴም ይደወል፣ ከከሚሴም ይደወል፣ ከጅዳም ይደወል፣ ወሬው የሚጀመረው ከእርሷ ነው። መልሱም ጉንፋን ይዞን እያሳልን እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ አፊያ ነን» ነው። ቃሉን ከአያቶቻችሁ አፍ ስለሰማችሁት የአማርኛ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ሥሩ ዐረብኛ ነው፣ ዓፊያ። ትርጉሙም ከጤና ሰፋ ይላል። አካል ከሕመም፣ ልብ ከጭንቅ፣ ዲን ከፈተና ሲጠበቅ ሁሉም ዓፊያ ነው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስ (ረ.ዐ) አላህን የምጠይቅበትን ነገር አስተምሩኝ ብሎ በመጣ ጊዜ፣ አላህን ዓፊያ እንዲጠይቅ ነገሩት። ከቀናት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጠየቀ። መልሱ ያው ሆነ፤ በዱንያም በአኼራም ዓፊያን። ሐዲሱን ቲርሚዚ ዘግበውታል።

እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ከዓፊያው በኋላ ያለውን ጥያቄ ነው። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ከጁሙዓ በኋላ ጫማውን እያሰረ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ እናቴ ብላ፣ ቶሎ ተኛ፣ ሐኪም ጋ ሂድ ትለኛለች። ግን ጠዋት ለምን እንደምነሳ ካላወቅሁ ቶሎ መተኛቱ ምን ይጠቅመኛል?» ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። አብዛኞቻችን በአርባ ዓመታችን እንኳ ደፍረን ያልጠየቅነው ነው።

መጀመሪያ የጤና ተመራማሪዎቹ ያገኙትን ልንገራችሁ፤ እናንተ ቁጥር እንደምትወዱ አውቃለሁ። በ2019 «ጃማ ኔትወርክ ኦፕን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 6,985 አሜሪካውያንን ተመልክቷል። ሰዎቹ ሕይወታቸው ዓላማና አቅጣጫ እንዳለው ተጠይቀው ነበር። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ወገኖች በጥናቱ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከፍተኛውን ካገኙት ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀደም በ2016፣ 10 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። በድምሩ ከ136,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ የሕይወት ዓላማ አለን በሚሉት ዘንድ የሞትም የልብ ሕመምም አደጋ በ17 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከዚህ ከኮሎምበስ በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል በምትርቀው ቺካጎም በረሽ የሕክምና ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ከ900 በላይ አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትለዋል። ጠንካራ ዓላማ የነበራቸው ሰዎች አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ነጻ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው 2.4 እጥፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ሆኖም ከሚለው በላይ አናስብለው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን እንደወለደው በእርግጠኝነት አይናገሩም። ጤነኛ ሰው ዓላማ ለመያዝም ይቀለዋል፤ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ግን ዓላማው እንኳ ይርቀዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት ሒሳባቸውን አስተካክለዋል፣ ጥርጣሬው ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ተጠያቂዎቹም አብዛኞቹ የእናንተ አያቶች እኩያ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግንኙነቱ በምን በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ያዩት ነገር ነው። ዓላማ ያለው ሰው ኮሌስትሮሉን ይለካል፣ ምርመራውን በጊዜው ያደርጋል፣ እንቅልፉም የተሻለ ነው። ይኸውም ጤናውን የሚፈልግበት ጉዳይ ስላለው ነው። ነገ ጠዋት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሹፌር ማታውኑ ጎማውንና ዘይቱን እንደሚያይ ማለት ነው። መኪናውን የትም የማይነዳት ሰው ዘይቷን ለምን ያያል?

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውን አባባል ላንሳ። አንዳንድ ጊዜ በሶሻል ሚዲያ «ሶላት ለጉልበት መገጣጠሚያ ይጠቅማል፣ ጾም ስኳርን ያወርዳል፣ ሃይማኖተኛ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል» እየተባለ ይነገራችኋል። ጥቅሙ ቢኖርም እንኳ ዲናችን የቪታሚን ክኒን አይደለም። ለጉልበቱ ብሎ የሚሰግድ ሰው ጉልበቱ ሲታመም ምን ሊያደርግ ነው? ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን (ረ.ዐ) አስቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ የመን አስተማሪና ዳኛ አድርገው የላኩት፣ ስለ ሐላልና ሐራም ባለው ዕውቀት የታወቀ ወጣት ነበር። ከእርሱ የበለጠ ለምን እንደሚኖር ያወቀ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በሻም ምድር በተነሳው የዐምዋስ ወረርሽኝ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሞተ። ዓላማ የዕድሜ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ሙዓዝ መቶ ዓመት በኖረ ነበር። እንግዲህ ነገሩን መገልበጥ አለብን። ዓላማን የምንይዘው ጤና እንዲሰጠን አይደለም፤ ጤናን የምንጠብቀው ዓላማችን ስለሚፈልገው ነው።

ዓላማው ምንድን ነው? ይህ ለሙስሊም ወጣት ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ክፍል ቀድሞ ተነግሮታል። በሱረቱ አዝ-ዛሪያት (51፡56) አላህ ጂንንም ሰውንም የፈጠረው ሊገዙት እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ይነግረናል። በሱረቱ አል-ሙእሚኑን (23፡115) ደግሞ በከንቱ የተፈጠራችሁ መሰላችሁን ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ በኒው ዮርክም ብንወለድ፣ በኮምቦልቻም፣ በኮሎምበስም፣ ያለ ጉዳይ የተላከ ሰው የለም።

ችግሩ የሚመጣው «ዓላማ» የሚለው ቃል በቤታችን ውስጥ ሌላ ትርጉም ስለያዘ ነው። ዓላማ ማለት ሜዲካል ስኩል ሆኗል። ዓላማ ማለት ኢንጂነር፣ ፋርማሲስት፣ ቢያንስ ነርስ። ወላጆቻችሁን አትፍረዱባቸው። አባትህ በግሮቭፖርት አካባቢ ዌርሃውስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሳጥን ሲያነሳ የሚያድረው፣ እናትሽ በሆም ኬር የሰው አዛውንት ስታገላብጥ የምትውለው እናንተ ያን እንዳትሠሩ ብለው ነው። «እኔ የለፋሁት ላንተ ነው» የምትለዋ ቃል እውነት ናት። እውነት በመሆኗ ነው የምትከብደው። ነገር ግን ዓላማው የሥራ ስም ብቻ ከሆነ፣ ኦሃዮ ስቴት ያላስገባው ልጅ፣ ወይም ገብቶ ኬሚስትሪ የጣለው ልጅ፣ በ19 ዓመቱ ሕይወቱ ያለቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ከክፍሉ አይወጣም፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ስልክ ላይ ያድራል፣ ምግቡ ቺፕስና ሶዳ ይሆናል። ሰውነቱ የሚጎዳው ኬሚስትሪ ስለጣለ ሳይሆን ጉዳይ የለኝም ብሎ ስላመነ ነው።

በወሎ የነበሩትን ደረሶች ታሪክ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ደረሳ ማለት ቁርኣንና ኪታብ ለመቅራት ከቤቱ ወጥቶ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው በእግሩ የሚጓዝ ተማሪ ነው። ፊቅሁን አንዱ ዘንድ፣ ነሕዉን ሌላው ዘንድ ይቀራል፤ ምግቡ የአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠው ነው። ከእነዚያ መካከል ታላቅ ዓሊም የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ ሆነዋል። ግን ማንም «ዓላማው ከሸፈ» አላላቸውም፤ የቀሩትን ለልጆቻቸው አቀሩ፣ ሙታን አጥበው ሰገዱ፣ የተጣላ አስታረቁ። ትልቁ ጉዳይ አንድ ነው፣ መንገዶቹ ብዙ ናቸው። ፋርማሲስት መሆን መንገድ ነው፤ ጥሩም መንገድ ነው፤ ጉዳዩ ግን እርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ሙዓዝ ልመልሳችሁ፤ ስለ ጤና ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን ያስተማረን እርሱ ነውና። የመን ሳሉ እርሱና አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፉ ተጠያየቁ። አቡ ሙሳ ቆሞም ተቀምጦም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እንደሚቀራ ተናገረ። ሙዓዝ ደግሞ የሌሊቱን መጀመሪያ ተኝቶ ከዚያ ተነስቶ እንደሚቆም ገለጸና አንድ ነገር ጨመረ፤ በመቆሙ አጅር እንደሚጠብቅ ሁሉ በመተኛቱም አጅር እንደሚጠብቅ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ሌሎች እንቅልፍን ከዒባዳ የተቀነሰ ጊዜ አድርገው ሲቆጥሩት፣ ሙዓዝ የዒባዳው አካል አደረገው። የሚለየው ኒያው ብቻ ነው። ሥራዎች በኒያ እንደሆኑ የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቡኻሪ መጽሐፋቸውን የከፈቱበት ነው። ያ ሐዲስ ለመስጂድ ብቻ አይደለም፤ ለትራስም ነው፣ ለሰሐንም ነው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ለሚደረግ የእግር ጉዞም ነው።

እዚህ ከተማ ደግሞ እንቅልፍ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኮሎምበስ ከሰዓት ቀጠናዋ ወደ ምዕራቡ ጫፍ የተጠጋች ስለሆነች በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ በእናንተ ስልክ 9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። (የእናቶቻችሁ ሰዓት ሁልጊዜ ከእናንተው በስድስት ይለያል፤ እርሱን መልመድ አለባችሁ።) በዚያ ወቅት በዒሻና በፈጅር መካከል ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር ደግሞ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ታዲያ ምን ይደረግ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተዉልን ነገር አለ፤ ቀይሉላ፣ የቀትር እንቅልፍ። በበጋ ዕረፍት ከዙህር አካባቢ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት ስንፍና አይደለም። ከዒሻ በኋላ ያለ ጉዳይ ማውራትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይጠሉ እንደነበርም ተዘግቧል። በዚያ ዘመን ወሬው ከጎረቤት ጋር ነበር፤ ዛሬ በአልጋ ውስጥ ስልኩን ደረት ላይ አስደግፎ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ነው። በዲሴምበር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ከምሽቱ 11 ሰዓት አልፎ ትጠልቃለች፣ ፈጅር ደግሞ ዘግይቶ ይገባል። ሌሊቱ ሰፊ ነው። በዚያ ወቅት ፈጅርን ያላገኘ ወጣት ምክንያቱ ሌሊቱ ማጠሩ አይደለም።

ይህን ስል ግን ሌላኛውን ወገን አልረሳሁም። ከእናንተ መካከል ዓላማ ያጣ ሳይሆን ዓላማ የበዛበት አለ። ቀን ክፍል፣ ማታ ሥራ፣ ቅዳሜ የልጆች ቁርኣን ማስተማር፣ እሑድ የማኅበሩ ስብሰባ፣ በመካከሉ የሰደቃ ማሰባሰብ። ምግብ ቆሞ ይበላል፤ አንዳንዴም ሳይበላ ይውላል። የዲን ሥራ ስለሆነ ማንም «ቆይ» አይለውም፤ እኛ ትልልቆቹማ ጭራሽ «ማሻአላህ» እያልን እንጨምርለታለን። ለእንዲህ ያለው ሰው የሰልማንና የአቡ ደርዳእ ታሪክ አለለት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን አል-ፋሪሲንና አቡ ደርዳእን (ረ.ዐንሁማ) ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ሊዘይር ሲሄድ የአቡ ደርዳእ ባለቤት ራሷን ጥላ አገኛት። ምክንያቷን ሲጠይቃት፣ ወንድምህ ከዱንያ ምንም አያስፈልገውም አለችው። አቡ ደርዳእ መጥቶ ምግብ አቀረበለት፤ እርሱ ግን ጾመኛ ነኝ አለ። ሰልማን አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም ብሎ አስበላው። ሌሊት አቡ ደርዳእ ሊሰግድ ሲነሳ ሰልማን ተኛ አለው። ተኛ። ደግሞ ተነሳ፤ ደግሞ ተኛ አለው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ አሁን ተነስ አለውና ሁለቱም ሰገዱ። ከዚያም ጌታህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፣ ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ አለው። ጉዳዩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ሰልማን እውነቱን ነው አሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማደንቀው ሰልማን ስብከት አለመጀመሩን ነው። መጀመሪያ አብሮ በላ፣ አብሮ አደረ፣ አብሮ ሰገደ፤ ንግግሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ከጓደኞቻችሁ መካከል በሥራ ብዛት የሚጠፋ፣ ፊቱ የገረጣ ካለ፣ የጤና ቪዲዮ አትላኩለት። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። እስካሁን ያልሁትን ሰምቶ «እንግዲያው እኔ የታመምሁት ዓላማ ስለሌለኝ ነው፣ ኢማኔ ስለደከመ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ምናልባት በየቤቱ ተብሎትም ይሆናል። ድብርት የያዘውን ልጅ «ቁርኣን ብትቀራ ይለቅህ ነበር» ብሎ ማለፍ በማኅበረሰባችን የተለመደ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ነበሩ፤ በሱረቱ ዩሱፍ (12፡84) እንደተነገረን ስለ ልጃቸው ከማዘናቸው የተነሳ ዓይኖቻቸው ነጡ። አዩብ (ዐ.ሰ) በሕመም ተፈተኑ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትኩሳት የሁለት ሰው ያህል ይበረታባቸው እንደነበር ሶሓቦች አይተዋል። የእነዚህ ኢማን ደክሞ ነበር የሚል ማን ነው?

የቀደሙት ዑለሞችና ሐኪሞችም ይህን ለይተው አውቀውታል። በ934 (በ322 ሒጅራ) የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሳሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ስለ አካላትና ስለ ነፍሶች ጥቅም ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ ሐኪሞች ስለ አካል ብቻ እየጻፉ የነፍስን ሕመም መተዋቸውን ይወቅሳሉ። ሐዘንንም ሁለት ብለው ይከፍሉታል፤ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን አለ፣ ለምሳሌ የሚወዱትን ማጣት፤ ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከአካል የሚነሳ ሐዘንም አለ፣ ለእርሱም የአካል ሕክምና ያስፈልጋል። ይህን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ሙስሊም ጽፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም በሞርስ ሮድ ቡና እየጠጣን «ድብርት የፈረንጅ በሽታ ነው» እንላለን።

ሕክምና መፈለግ በአላህ ቀደር አለማመን የሚመስለው ካለ ደግሞ ዑመርን (ረ.ዐ) ይስማ። ሙዓዝን የወሰደው ያ ወረርሽኝ በሻም እንደገባ ዑመር ወደዚያ ሲጓዝ መንገድ ላይ ሰማ። ሰዎቹን አማከረና ለመመለስ ወሰነ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብሎ ጠየቀው። ዑመርም አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን አለና የግመሎችን ምሳሌ ሰጠው፤ አንድ ወገኑ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ቢያጋጥምህ፣ በየትኛውም ብታሰማራቸው በአላህ ቀደር አይደለምን? ሐኪሙም ቀደር ነው። መድኃኒቱም ቀደር ነው። የምክር አገልግሎት ሰጪዋም፣ ቀጠሮውም፣ ወደ ቀጠሮው የምትወስድህ መኪናም።

ስለዚህ ምንም ነገር የማይጥምህ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተሽ፣ ባልኖርኩ ይሻላል የሚል ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ «ዓላማ ፈልጉ» ብሎ አያሰናብታችሁም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ንገሩ። በ988 መደወል ወይም ቴክስት ማድረግ ይቻላል፤ በመላ አሜሪካ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ወላጅ የሆናችሁ አንባቢዎችም ልጃችሁ ይህን ሲነግራችሁ የመጀመሪያው መልሳችሁ «ምን ጎደለህ?» አይሁን።

ሕመሙን በራሳቸው መንገድ የሚያስታግሱም አሉ። ኦሃዮ በኖቬምበር 2023 በሕዝብ ድምፅ ማሪዋናን ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ፈቅዳለች፤ ሱቆቹን በየጎዳናው ታዩአቸዋላችሁ። ሕግ ፈቀደው ማለት ሸሪዓ ፈቀደው ማለት እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የሚያጨሰውን ወንድማችሁን ስታዩት ግን ሐራም ከማለታችሁ በፊት ምን እየሸሸ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ረጅም፣ ባዶ፣ ማንም የማይጠብቀው ቀን ነው።

ለታመመ ሰው ደግሞ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የደረሰን አንድ ትልቅ ብሥራት አለ። ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ፣ ጤነኛ ሆኖ በቤቱ ሳለ ይሠራው የነበረው ሥራ እንደሚጻፍለት ቡኻሪ ዘግበዋል። ተመልከቱ፤ ጉዳዩ በሕመም አይቋረጥም። ዳያሊሲስ ላይ የተኛው አጎታችሁ ለሠላሳ ዓመት ያልቀረበት የፈጅር ጀማዓ ዛሬም እየተጻፈለት ነው። ኃይለኛው ሙእሚን ከደካማው በአላህ ዘንድ የተወደደ እንደሆነ በተነገረበት ሐዲስም በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ አብሮ ተነግሯል፤ ይህችን መጨረሻዋን ብዙ ጊዜ እንዘላታለን።

ያ የኮሎምበስ ተማሪ «ለምን እነሳለሁ?» ላለኝ ጥያቄ ትልቁን መልስ ያውቀዋል፤ ሱረቱ አዝ-ዛሪያትን ሐፍዟል። የጎደለው የማክሰኞ ጠዋቱ መልስ ነበር። ለማክሰኞ ጠዋት የሚሆን ጉዳይ በዚህ ከተማ ሞልቷል። የታመመ መዘየር አለ፤ አላህ በቂያማ ቀን ታምሜ አልጠየቅኸኝም ብሎ ባሪያውን እንደሚጠይቀው፣ የታመመውን ባሪያዬን ብትጠይቅ ኖሮ እኔን እርሱ ዘንድ ባገኘኸኝ እንደሚለው በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ታውቃላችሁ። ብቻቸውን አፓርታማ ውስጥ የሚውሉ፣ በረዶ ሲወርድ ከቤት የማይወጡ እናቶች አሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ገበያ የሚወስዳቸው ይፈልጋሉ። በቅርብ የመጣ ቤተሰብ አለ፤ የትምህርት ቤት ፎርም የሚሞላለት ይፈልጋል።

ከእናንተ ብዙዎቹ ደግሞ ይህን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሠሩት ኖራችኋል፣ ዓላማ ብላችሁ አልጠራችሁትም እንጂ። በ10 ዓመታችሁ ከአባታችሁ ጋር ክሊኒክ ሄዳችሁ «ስኳርህ ከፍ ብሏል ይላል» ብላችሁ አስተርጉማችኋል። አላህ ይቀበላችሁ። አንድ ነገር ግን እወቁ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረትም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅን እንደ አስተርጓሚ መጠቀም አይፈቀድም። ስለዚህ ታናሽ ወንድምህ ያንን ሸክም እንዳይሸከም፣ ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ አስተርጓሚ ጠይቅ። አንተ አስተርጓሚ ሳትሆን ልጅ ሆነህ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ያዘዙላቸውን መድኃኒት ጻፍ፤ ማታ ከመግሪብ በኋላ አብረሃቸው ሰፈሩን አንድ ዙር ተራመድ። ስኳራቸውም ይወርዳል፣ ያንተም እንቅልፍ ይመጣል፣ በመንገዱም ላይ እስካሁን ነግረውህ የማያውቁትን የአገር ቤት ታሪክ መናገር ይጀምራሉ።

አላህ ሆይ፣ በዲናችን፣ በዱንያችን፣ በቤተሰባችንና በአካላችን ዓፊያን ስጠን። ሕመምተኞቻችንን አሽር፣ ልባቸው የጨነቀውን ክፈትላቸው፣ ወጣቶቻችንን ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ አድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።